ጥያቄና መልስ፦ የጫጩት ክፍል ሽታ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦

"የምኖረው በሐዋሳ ከተማ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን 60 የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዛንና ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ማሳደግ ጀመርን። የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ችግር አለፈ። ሦስተኛ ሳምንታቸውን ሲይዙ ግን ሽታው ከክፍሉ አልፎ እኛ እስከምንተኛበት ቤት ድረስ መግባት ጀመረ፤ በግቢው የሚኖሩት ተከራዮችም ቅሬታ እያቀረቡ ነው። ጫጩቶቹን ያኖርኳቸው ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ቦታ በጣውላና በካርቶን ከልዬ ነው። ከሥራቸው ከአናጢ ቤት ያመጣሁትን ሰጋቱራ አንጥፌያለሁ። ሽታውን ለማጥፋት በየጠዋቱ አመድ እነሰንሳለሁ፣ ማታ ማታ እጣን አጨሳለሁ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ሰጋቱራውን ወደ ጎን ሰብስቤ ወለሉን በበረኪና አጥባለሁ። ክረምት ስለሆነ እንዳይበርዳቸው መስኮቱን አልከፍትም። የስድስት ዓመት ልጄ የአስም ሕመም ስላለበት ግን ሰግቻለሁ። አማቴ 'ዶሮ ከሰው ጋር አይኖርም፣ ሽጪያቸው' ይሉኛል። ምን ላድርግ? ስሜ ይቆይልኝ።"

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ጫጩቶቹን ለመሸጥ የሚያስቸኩል ምክንያት የለም። የገለጹልን ችግር ጫጩት በቤታቸው የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች የሚገጥማቸውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቃለል የሚችል ነው። ይሁንና ሽታውን ለማጥፋት ከሚወስዷቸው እርምጃዎች አንዱ ለእርስዎም ለልጅዎም አደገኛ በመሆኑ ከሁሉ አስቀድሜ እርሱን ላንሳ።

ጫጩቶቹ ባሉበትና ኩስ ባልተጠረገበት ክፍል በረኪና መጠቀም ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ከዶሮ ኩስ የሚወጣው የሚሰነፍጥ ጋዝ አሞኒያ ይባላል። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል፤ ይህም ዓይንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ሳል ያስነሳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ መጠኑ ሲበዛም ሳንባን ይጎዳል። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። በረኪና የሚያገለግለው ጫጩቶቹ ከክፍሉ ወጥተው፣ ጉዝጓዙ በሙሉ ተጠርጎ፣ ወለሉ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ከጠራ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን በውሃ ይቀጥናል፣ በርና መስኮት ተከፍቶ ይሠራበታል፣ ወለሉ ፈጽሞ እስኪደርቅና የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ጫጩት አይገባበትም።

ወደ ሽታው መነሻ እንምጣ። ዶሮ እንደ በግና እንደ ላም ሽንቷን ለብቻ አትሸናም፤ ከሰውነቷ የሚወገደው ናይትሮጅን ዩሪክ አሲድ በሚባል ነጭ ነገር መልክ ከኩሷ ጋር አብሮ ይወጣል። በኩሱ ላይ የሚያዩት ነጭ ሽፋን እርሱ ነው። ይህ ሽፋን ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ እምብዛም አይሸትም። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ግን በጉዝጓዙ ውስጥ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ይሰባብሩትና ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ስለዚህ ሽታው እንዲፈጠር ኩስ፣ ሙቀትና ውሃ መገናኘት አለባቸው። ኩሱን ማስቀረት አይቻልም፤ ሙቀቱ ጫጩቶቹን በሕይወት የሚያቆይ ነው፤ በእርስዎ ቁጥጥር ሥር ሊውል የሚችለው ውሃው ብቻ ነው። ስለ ጫጩት ክፍል ሽታ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ በቅድሚያ ስለ ውሃ መጠጫው የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም ማለፉም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ያን ጊዜ ጫጩቶቹ ትንንሽ፣ ጉዝጓዙም አዲስና ደረቅ ነበር፤ ባክቴሪያዎቹም ገና አልተራቡም። ጫጩት ከምትበላው መኖ ክብደት እጥፍ የሚሆን ውሃ ትጠጣለች፤ የምትጥለው ኩስም አብዛኛው ውሃ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የ60 ጫጩቶች መኖና ውሃ በብዙ እጥፍ አድጓል፤ ሰጋቱራው ግን ያው የመጀመሪያው ነው።

ለጉዝጓዝ ተስማሚው የእርጥበት መጠን ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲሆን ከ30 በመቶ ካለፈ አሞኒያው በፍጥነት ይጨምራል። ይህን ለማወቅ መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጫጩቶቹ መካከል አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ አንስተው ይጨብጡና እጅዎን ይክፈቱ። ጉዝጓዙ ለአፍታ ተያይዞ ከዚያ ከተበታተነ ደህና ነው። ድቡልቡል ሆኖ መዳፍዎ ላይ ከቀረ ከመጠን በላይ ርሷል። ጨርሶ ሳይያያዝ አቧራ ሆኖ ከበነነ ደግሞ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ አቧራውም ለጫጩቶቹም ለሰውም መተንፈሻ አካል ጥሩ አይደለም። ከመጠጫው አጠገብ፣ ከማሞቂያው ሥርና ከጥግ ከጥግ እየወሰዱ ይሞክሩት፤ በአንድ ክልል ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን ያያሉ።

በሐዋሳ ይህ ጉዳይ ከሌላው አካባቢ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናት፤ ዝናቡም ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል። አየሩ ራሱ እርጥበት አዝሎ በሚከርምበት በዚህ ወቅት የረጠበ ጉዝጓዝ በራሱ ጊዜ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የአዳማ ሰው በበጋው ነፋስና ደረቅ አየር ሳያስበው የሚገላገለውን ነገር የሐዋሳ ሰው በእጁ መሥራት አለበት።

አሁን መጠጫውን ያንሱና ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ። ሰጋቱራው ጠቁሮና እንደ ቂጣ ተጋግሮ፣ ሲያነሱት በቁራጭ በቁራጭ የሚነሣ ሆኖ እንደሚያገኙት እገምታለሁ። ቁራጩን ገልብጠው ከታች በኩል ቢያሸቱት ክፍሉን የሞላው ሽታ ከየት እንደሚወጣ ወዲያውኑ ይገባዎታል። መላው ክፍል የሚሸት ቢመስልም አብዛኛው አሞኒያ የሚመነጨው ከዚህችው ከመጠጫው ዙሪያ ካለች ጠባብ ቦታ ነው። ጫጩቶቹ ሲጠጡ ውሃ ያንጠባጥባሉ፣ መጠጫው ላይ ይወጣሉ፣ በእግራቸው ሰጋቱራ እየጫሩ ውስጡ ይጨምራሉ፤ ሰጋቱራውም ውሃውን እየሳበ ወደ ውጭ ያፈሰዋል።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። ጎድጎድ ያለ አሮጌ ትሪ ወይም ጎኑ የተቆረጠ ጀሪካን መሬት ላይ ያስቀምጡ፤ በላዩ የጫጩት እግር የማያሾልክ፣ ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ የወንፊት ሽቦ ወጥረው ይዘርጉበት፤ መጠጫውን ሽቦው ላይ ያድርጉት። የሚንጠባጠበው ውሃ ሁሉ ትሪው ውስጥ ስለሚቀር በየጠዋቱ አውጥተው ይደፉታል። የመጠጫው ከንፈር ከጫጩቶቹ ጀርባ ጋር እኩል እንዲሆን ከሥሩ ጡብ ወይም ጣውላ ይደርድሩ፤ እነርሱ ባደጉ ቁጥር በየሳምንቱ ከፍ ያድርጉት። አንገቷን ቀና አድርጋ የምትጠጣ ጫጩት ብዙ አታንጠባጥብም። ክፍት ሳህን የሚጠቀሙ ከሆነ ይተዉት፤ ለ60 ጫጩት ሁለት ባለ 4 ሊትር መጠጫ ቢኖር መጋፋቱም መደፋቱም ይቀንሳል። አደራ፣ ጉዝጓዙ እንዳይረጥብ በሚል ውሃ አይከልክሏቸው፤ ውሃ ያጣች ጫጩት መኖም አትበላም፣ አታድግም፣ በሙቀቱም በቀላሉ ትሞታለች።

ወለሉን በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠብዎም፣ በረኪናው ቢቀር እንኳ፣ ለችግሩ ውሃ ይጨምርለታል። በክረምት የታጠበ ሲሚንቶ ቶሎ ስለማይደርቅ የሚመለስበት ሰጋቱራ ከሥሩ ይርሳል። ለአሁኑ፣ ፀሐይ በወጣበት ጠዋት፣ ጫጩቶቹን ሞቅ ባለ ቦታ በካርቶን አቆይተው ያለውን ጉዝጓዝ በሙሉ ጠርገው ያውጡ፤ የተጣበቀውን በአካፋ ፍቀው ወለሉን በደረቁ ያጽዱና በርና መስኮቱን ከፍተው ያናፍሱት። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ቅያሪ ድረስ የየዕለቱ ሥራ ይበቃል፤ በየጠዋቱ የተጋገረውን ለይቶ ማውጣት፣ የቀረውን ማገላበጥና በወጣው ልክ ደረቅ ጉዝጓዝ መጨመር።

አመዱን በተመለከተ ብዙ እናቶች እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ አመድ እርጥበት እንደሚስብም እውነት ነው። ነገር ግን አመድ የአልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ጠባይ አለው። አሞኒያ አሲድነት ባለው ጉዝጓዝ ውስጥ ታስሮ ይቆያል፤ ጉዝጓዙ ወደ አልካላይን ሲያዘነብል ግን ተፈትቶ ወደ አየር ይወጣል። የጉዝጓዙ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይንነት መለኪያ) ከ7 በታች ሲሆን የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ነው፤ ከ8 ሲያልፍ ግን በብዛት ይወጣል። በረጠበ ኩስ ላይ በየጠዋቱ አመድ ሲነሰንሱ ታስሮ የነበረውን ጋዝ እየፈቱት ነው ማለት ነው። ኖራና ቤኪንግ ሶዳም በዚሁ ምክንያት በረጠበ ጉዝጓዝ ላይ አይነሰነሱም። ኖራ የሚያገለግለው ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ባዶውን ወለልና ግድግዳ ለማጽዳት ነው። አመዱም ቢሆን አይጣልም፤ ዶሮዎቹ አድገው ወደ ውጭ ሲወጡ ከደረቅ አፈር ጋር ተደባልቆ የሚንከባለሉበት ጉድጓድ ቢሠራላቸው ከቅማልና ከቁንጫ ይጠብቃቸዋል።

ሰጋቱራው ራሱ ክፉ ጉዝጓዝ ባይሆንም የደቀቀው ዓይነት አቧራው ብዙ ነው፤ ጫጩቶችም መኖ እየመሰላቸው ይለቅሙታል። አናጢው ዘንድ ሲሄዱ በመጋዝ ከሚወጣው ዱቄት ይልቅ በመላጊያ የሚወጣውን ጠፍጣፋ ፍቅፋቂ ይጠይቁ፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ቀለምና ቫርኒሽ የነካው እንዲሁም ከቺፑድና ከኤምዲኤፍ የወጣ ግን አይሁን። በሲዳማ እስካለን ድረስ የቡና ገለፈትም አማራጭ ነው፤ በመፈልፈያዎች አካባቢ በከረጢት ይገኛል። ክረምት ላይ ሲገዙት እጅዎን ወደ ከረጢቱ ውስጥ ከትተው ከመሀል ይመልከቱት፤ ሞቆ ወይም ሻግቶ ካገኙት አይውሰዱ፣ የሻጋታ ብናኝ የጫጩትን ሳንባ ይገድላል። የጤፍ ጭድ ብቻውን ሲነጠፍ ተጠቅጥቆ ይተኛልና ከፍቅፋቂ ጋር ቢደባለቅ ይሻላል። የስንዴ ገለባ ከሆነ አጠር ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ጋዜጣ ያዳልጣል፤ የጫጩቶቹ እግር ወደ ጎን እየተንሸራተተ አካለ ጎዶሎ ሊሆኑ ይችላሉ። ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ስስ ጉዝጓዝ በሁለት ቀን ይጠግባል።

አንዳንድ አርቢዎች ጉዝጓዙን ሳያወጡ በላዩ ላይ እየጨመሩ ወራት ያስቆጥራሉ። ከሰው መኖሪያ ርቆ በተሠራና ነፋስ በሚገባበት ዶሮ ቤት ይህ የታወቀና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ የሰው መኝታ አጠገብ ባለ ክፍል ግን አልመክረውም። በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ይቀይሩት።

ቦታውም ጠቧቸዋል። በ2 ካሬ ሜትር ላይ 60 ጫጩት ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 30 ጫጩት ነው። በዚህ ዕድሜ በካሬ ሜትር ከ20 ባይበልጡ ይመረጣል፤ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ደግሞ ወደ 10 መውረድ አለባቸው። ስለዚህ ክልሉን አሁኑኑ ወደ 3 ካሬ ሜትር ያስፉ፤ በሁለተኛው ወራቸው ወደ 6 ካሬ ሜትር እንደሚያስፈልግዎት ከወዲሁ አስበው ይዘጋጁ። በተጨናነቀ ቦታ የዕለቱ ኩስ ከጉዝጓዙ የማድረቅ አቅም በላይ ስለሚሆን ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ውጤቱ ግማሽ ይሆናል።

መስኮቱን አለመክፈትዎ ከእናት አንጀት የመጣ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጫጩት የሚጎዳት ንጹሕ አየር ሳይሆን በቀጥታ ሰውነቷ ላይ የሚነፍስ ብርድ ነው። ሞቆ እርጥበት የያዘ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የመስኮቱን የላይኛውን ክፍል ይክፈቱ፤ ድመትና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይምቱበት፤ ከታች ደግሞ የክልሉን ዙሪያ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ካርቶን ይከልሉት። አየሩ ከጫጩቶቹ በላይ አልፎ እርጥበቱንና አሞኒያውን ይዞ ይወጣል። ሙቀትን በተመለከተ የአንድ ቀን ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። የእርስዎ ጫጩቶች አሁን ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ይበቃቸዋል። ሐዋሳ በክረምትም ቀን ቀን ወደ 25 ዲግሪ ስለሚጠጋ ቀትር ላይ መስኮት ቢከፈት የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌሊትና ጎሕ ሲቀድ ነው። ከቴርሞሜትር ይልቅ እነርሱን ይመልከቱ፤ ማሞቂያው ሥር ተደራርበው እየጮኹ ከታቀፉ በርዷቸዋል፣ ከማሞቂያው ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፣ በክልሉ ሁሉ ተበታትነው ከተኙ ተመችቷቸዋል። በከሰል ምድጃ የሚያሞቁ ከሆነ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሰውንም ጫጩትንም እንደሚገድል ሳላስታውስ ማለፍ አልችልም። መብራት ሲጠፋ በጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ መሀላቸው ማስቀመጥ ይሻላል።

እጣኑን ለጫጩቶቹ ክፍል አይጠቀሙበት። አሞኒያውን አያስወግድም፤ ጢሱ ግን ለጫጩቶቹም ለልጅዎም ሳንባ ተጨማሪ ሸክም ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ መልካም ሽታ አፍንጫን ማታለሉ ነው። አፍንጫ ያለ እጣንም በራሱ ይለምዳል፤ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ የዋለ ሰው ሽታው የቀነሰ ይመስለዋል። በዶሮ እርባታ አሞኒያ በአየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን 25 እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ከዚያ ሲያልፍ በጫጩቷ የአየር ቧንቧ ውስጥ ያሉትን አቧራና ጀርም የሚጠርጉ ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎዳል፣ በመተንፈሻ በሽታም በቀላሉ ትያዛለች። አሞኒያው እየጨመረ ሲሄድ የጫጩቶቹ ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፣ ጨፍነው ይቆማሉ። ጫጩት የምትተነፍሰው ወለሉ አጠገብ ያለውን አየር ነውና ጠዋት ከውጭ እንደገቡ ከመላመድዎ በፊት በጉልበትዎ ተንበርክከው ፊትዎን ወደ ጉዝጓዙ ዝቅ አድርገው ጥቂት ይቆዩ። ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት እነርሱ ሌሊቱን በዚያ ውስጥ አድረዋል ማለት ነው።

ልጅዎን በተመለከተ፣ አሞኒያም አቧራውም አስም ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ወደ ክፍሉ አይግባ፤ ጉዝጓዙም እርሱ ግቢው ውስጥ በሌለበት ሰዓት ቢወጣ ይመረጣል። የሰርቪሱ በር ወደ መኝታ ቤታችሁ የሚከፈት ከሆነ በሩ ተዘግቶ በተቃራኒው በኩል ያለው መስኮት ቢከፈት ሽታው ወደ ቤት አይሳብም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳሉ ከባሰበት ግን ሐኪሙ ጋር ይውሰዱት፤ ጫጩቶቹንም ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ፤ በዚህ ላይ መሟገት አይገባም። ጫጩት ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የተባለውን ተህዋሲ ልትይዝ ስለምትችል የነካቸው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ መጠጫና መመገቢያቸውም የሰው ዕቃ ከሚታጠብበት ቦታ ተለይቶ ይታጠብ።

ስለ መኖው አልጻፉልንም። ለጫጩት የተዘጋጀ መኖ እየገዙ በላዩ ፋጉሎ የሚጨምሩ ከሆነ ይተዉት፤ ከሰውነት ፍላጎት በላይ የሆነ ፕሮቲን ዞሮ ዩሪክ አሲድ ነው። ጨው የበዛበት መኖም ውሃ ያስጠጣል፣ ኩስ ያቀጥናል።

አንድ ነገር ግን በጽዳት ብቻ አይመለስም። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ስድስተኛው ባለው ጊዜ በረጠበ ጉዝጓዝ ላይ ያሉ ጫጩቶችን ኮክሲዲዮሲስ የሚባል የአንጀት በሽታ ያጠቃቸዋል። ኩሱ ከቀጠነ፣ ደም ከታየበት፣ ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ላባቸውን አንጨፍርረው ከቆሙ ትኩስ ኩስ በንጹሕ ላስቲክ ይዘው በዕለቱ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይሂዱ። መድኃኒቱ በውሃ የሚሰጥና በጊዜ ከተጀመረ የሚያድን ነው። የፈንግል ክትባታቸውንም ካልወሰዱ በዚያው ይጠይቁ።

የአማትዎ ቃል ግማሹ እውነት ነው፤ ሰርቪሱ የጫጩትነት ማደጊያ እንጂ የዶሮ ቤት አይደለም። ስድስት ሳምንት አልፏቸው ላባቸው ሲሞላ ወደ ውጭ የሚወጡበትን ቤት ከአሁኑ ቢያስጀምሩና ይህንኑ ለእርሳቸውም ለተከራዮቹም ቢነግሯቸው ቅሬታው ይረግባል። ሰው ማብቂያውን ያወቀውን ነገር ይታገሣል።

ጥያቄ፦

"በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የምኖር ስሆን ሳሎን ጥግ በካርቶን 10 ጫጩቶች አሉኝ። ልጆቼ ሽታው እንዲጠፋ ጫጩቶቹን በሞቀ ውሃና በሻምፖ እንጠባቸው ይላሉ። ይቻላል?"

መልስ፦

አይቻልም። ጫጩት ላባ ሳታወጣ በፊት ያላት ለስላሳ ፀጉር ውሃ አይከላከልም፤ ከረጠበች በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀቷን አጥታ ልትሞት ትችላለች። ሽታውም ከእርሷ ሳይሆን ከካርቶኑ ነው። ካርቶን ኩስና ውሃ መጥጦ በውስጡ ስለሚያስቀር ጉዝጓዙ ቢቀየርም መሽተቱን አይተውም። ለ10 ጫጩት ጎኑ ከፍ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ሳጥን ይሻላል፤ ሲቆሽሽ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል። ኩስ ፊንጢጣዋን የደፈናት ጫጩት ካለች ብቻ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጥጥ ቦታውን ብቻ እያራሱ ያላቁላት፤ በኃይል አይሳቡት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቀው ወደ ማሞቂያው ይመልሷት። ሽቶ ያለው ስፕሬይ ክፍሉ ውስጥ አይርጩ፤ የአእዋፍ ሳንባ እንዲህ ላለ ነገር እጅግ ስስ ነው።

ጥያቄ፦

"ከቱላ ነው የምጽፈው። ከጫጩቶቹ ክፍል የማወጣውን ጉዝጓዝ እንሰቱና አቮካዶው ሥር እደፋዋለሁ፤ አሁን ግን ጓሮው በሙሉ ይሸታል፣ ዝንብም በዝቷል። ለጎመኔስ ባደርገው?"

መልስ፦

የዶሮ ኩስ በናይትሮጅን የበለጸገ ማዳበሪያ ቢሆንም ትኩሱን ተክል ሥር መድፋት ሥሩን ያቃጥላል፤ ዝናብ ሲያርሰው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሽታ ጓሮ ይወጣል። ያወጡትን ጉዝጓዝ ከመኖሪያ ቤቱና ከውሃ ጉድጓድ ራቅ ባለ ቦታ ይከምሩት፤ በአንድ እጅ ጉዝጓዝ ላይ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ ወይም ገለባ እያፈራረቁ ይደርድሩበት። ከላይ በደረቅ ኮባ ወይም በላስቲክ ከዝናብ ይሸፍኑት፤ ሽፋኑ ዝንቡንም ይቀንሰዋል። ክምሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከውስጥ ሲሞቅ እንጨት ሰክተው አውጥተው በእጅዎ ቢይዙት ሙቀቱ ይታወቅዎታል፤ የበሽታ ተህዋስያንን የሚገድለውም ይኸው ሙቀት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ውጩን ወደ ውስጥ ያገላብጡት። አሞኒያ ከሸተተ ደረቅ ቅጠል ይጨምሩ፤ ጭራሽ ካልሞቀና ከደረቀ ጥቂት ውሃ ይርጩበት።

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሲያገላብጡት የማይሞቅና የአፈር ሽታ ያለው ከሆነ ብስባሹ ደርሷል። ለእንሰቱም ለአቮካዶውም ከግንዱ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቀው በዙሪያው ይበትኑትና በአፈር ያልብሱት። ለጎመኑ የደረሰውን ብስባሽ ከመትከልዎ በፊት ከአፈሩ ጋር ይቀላቅሉ። ትኩሱን ኩስ ግን ቅጠሉ ወይም ሥሩ በሚበላ አትክልት ማሳ ላይ አያድርጉ፤ አስቀድሞ የተደረገበት መደብ ካለም አትክልቱ ከመሰብሰቡ በፊት ቢያንስ 4 ወር ማለፍ አለበት።